ስንተኛው ኢኒንግ ላይ ነው የምንሸነፈው?

ሥራ ሲበላሽ መጀመሪያ ዓይን የሚያርፈው ማናጀሩ ላይ ነው። ማናጀሩ አንድ ሰው ነው፣ ስሙም ይታወቃል። እሱን ለመቀየር አንድ ደብዳቤ ይበቃል። ሥራው የት ጋ እንደሚሰበር ቁጭ ብሎ ማየት ግን ጊዜ ይበላል፣ ማንም አይወደውም። ይሄ ነገር በደንብ የገባኝ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ስሠራ ነው። ያስረዳኝ ደግሞ ቤዝቦል ነው።

የመኪና ማቆሚያ ጋራዣችን ኔቪ ያርድ ሰፈር ነበር፣ ከከተማዋ የቤዝቦል ቡድን ከናሽናልስ ስታዲየም በእግር የሚደረስ። ከላይ ቢሮ፣ ከታች እኛ። ቀን ቀን የቢሮ ሠራተኛ ይገባል። ማታ ጨዋታ ካለ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሕዝብ ይሞላዋል። ሬስቶራንት የሚመጣም ስላለ ሒሳብ የሚከፈለው ሲወጣ ነው። ማናጀራችን ሐበሻ ናቸው። ሁላችንም “ጋሼ” ነው የምንላቸው፣ ፈረንጆቹም ሳይቀሩ።

አጠገቤ ያለው ቡዝ ውስጥ የሚቀመጠው ካሸር እዚያው ዲሲ ተወልዶ ያደገ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። በዕድሜ በጣም ይበልጠኛል። ልጅ ሳለ የከተማዋ ቡድን ሴኔተርስ በ1971 ጓዙን ጠቅልሎ ቴክሳስ ገባበት። ከዚያ ናሽናልስ በ2005 ከሞንትሪያል እስኪመጣ ድረስ ዲሲ የቤዝቦል ቡድን አልነበራትም። ሰውየው ያን ሁሉ ዘመን ጠብቆ ያገኘውን ቡድን እንደ ዋዛ አያየውም። ራዲዮውን ዝቅ አድርጎ ይከፍትና ጨዋታውን በእርሳስ ይመዘግባል። ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር አለው፤ ለእያንዳንዱ መቺ አንድ ሣጥን። ወርዋሪ ሲቀየር ወፍራም መስመር ያሰምራል። በመኪናና በመኪና መሀል መልስ ሰጥቶ ወዲያው ወደ ደብተሩ ይመለሳል። አንድ ውርወራ ሲያልፈው አላየሁም።

ቤዝቦል ለማያውቅ ይሄን ያህል ይበቃል። ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ፣ ማለትም ዘጠኝ ዙር አለው። በዓመት 162 ጨዋታ አለ። ጨዋታውን የሚጀምረው ወርዋሪ፣ ስታርተር የሚሉት፣ ስድስተኛው ሰባተኛው ላይ ይደክማል። ከዚያ ቡልፔን ከሚባለው ቦታ ሌሎች እየወጡ ይተኩታል። የመጨረሻውን ኢኒንግ የሚዘጋው ክሎዘር ይባላል። ስድስት ኢኒንግ ስትመራ ቆይተህ ዘጠነኛው ላይ ከተሸነፍክ ተሸነፍክ ነው፤ የቀደመውን ማንም አይቆጥርልህም።

ናሽናልስ በ2016 95፣ በ2017 ደግሞ 97 ጨዋታ አሸነፉ። ማናጀሩ ደስቲ ቤከር ነበሩ። ሁለቱንም ዓመት ግን ፕሌይኦፍ፣ የዋንጫው ጥሎ ማለፍ፣ ገብተው አምስተኛው፣ ወሳኙ ጨዋታ ላይ ወጡ። በ2017 ከቺካጎ ከብስ ጋር 9 ለ 8 ነው የተሸነፉት። ያን ማታ ስታርተሩ ማክስ ሼርዘር ራሱ ከቡልፔን ወጥቶ በአንድ ኢኒንግ አራት ነጥብ አስቆጠሩበት። ቡድኑ ምን አደረገ? ደስቲ ቤከርን አሰናበተ። በምትካቸው ማናጀር ሆኖ የማያውቅ ሰው አመጣ፣ ዴቭ ማርቲኔዝን። ባልደረባዬ በዚህ ተናዶ ለሳምንታት ሲብሰለሰል ከረመ። 97 ጨዋታ ያሸነፈ ሰው እንዴት ይባረራል ነው ጥያቄው። እኔም ዛሬ ድረስ ትክክል አይመስለኝም። ቤከር በ2022 ሂዩስተንን ይዘው ዋንጫውን በልተዋል።

በአዲሱ ማናጀር 2018 ላይ ቡድኑ 82 አሸንፎ 80 ተሸነፈ። ለፕሌይኦፍም አልበቃም።

የእኛም ጋራዥ ያን ዓመት ክፉኛ ተቸገረ። ጨዋታ ያለ ማታ መውጫው ላይ ሰልፉ እስከ ታችኛው ፎቅ ይደርሳል። ሰው ጥሩንባ ይነፋል፣ ይሳደባል። አንዳንዱ ከመኪና ወርዶ ቡዙን ይደበድባል። ቅሬታው በኢሜይል ወደ ሕንፃው ባለቤቶች ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ድርጅታችን ቢሮ። የጨዋታው ወቅት አልቆ ብርዱ ሲገባ ከቢሮ አንድ ሱፐርቫይዘር መጣ። ጋሼን ሊያነሷቸው እንደሆነ ወሬው ቀድሞ ደርሶናል። ጋሼም ሰምተዋል። ያን ጠዋት እጃቸው እየተንቀጠቀጠ የቁልፍ ሣጥኑን ሲያስተካክሉ አይቻለሁ። “አይዞዎት ጋሼ” ከማለት በቀር ምንም ማድረግ አልቻልኩም።

ሱፐርቫይዘሩ እያንዳንዳችንን ስለ ማናጀሩ ጠየቀ። የካሸሩ ተራ ሲደርስ ሰውየው ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

“ስንተኛው ኢኒንግ ላይ እንደምንሸነፍ ታውቃለህ?” አለው።

ለካ በየገጹ ጠርዝ ላይ የእኛንም ነገር ሲጽፍ ኖሯል። ጨዋታው ስንት ሰዓት አለቀ፣ መውጫው ላይ ስንት ሰው ነበር፣ ሰልፉ መቼ ተበተነ። ገጽ በገጽ ሲያሳየው ነገሩ ጥርት ብሎ ወጣ። የቀን ጨዋታ ሲሆን ችግር የለም። የማታውም ቶሎ ካለቀ ችግር የለም። የሚበላሸው ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ሲያልቅ ብቻ ነው። ጨዋታው አንድ ሰዓት ላይ ጀምሮ ሦስት ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው ያኔ ነው።

ከአራት ሰዓት በኋላ ምን አለ? የሁለት ካሸሮች ሺፍት ያበቃል። አንድ ሰው ብቻ ይቀራል። ያ ሰው ደግሞ ከሁላችንም አዲሱ ነው፤ ሺፍት የሚመረጠው በአገልግሎት ዘመን ስለሆነ ነባሮቹ ጥሩ ጥሩውን ሰዓት ይዘውታል። ካርድ አልሠራ ሲል፣ ቲኬት ጠፋኝ የሚል ሲመጣ፣ መክፈቻው ሲነክስ ልጁ ማንን ይጥራ? ምርጦቹን በመጀመሪያው ኢኒንግ ጨርሰን ዘጠነኛውን ለጀማሪ ነበር የምንተወው።

ይሄን ሺፍት ያወጡት ጋሼ አይደሉም። ኦቨርታይም እንዳይከፈል ብሎ ያወጣው ቢሮው ነው። ጋሼ ለማታው ተጨማሪ ሰው ጠይቀው ተከልክለዋል፤ የጠየቁበት ኢሜይል ነበር። እሱም ወጣ።

ሱፐርቫይዘሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ደብተሩን ወደ ራሱ ስቦ ረጅም ሰዓት አገላበጠ። በኋላ “ነባር ሰው ማታ እንዲሠራ ማን ይስማማል?” አለ። ባልደረባዬ “እኔ እዘጋለሁ” አለው። የራሱ ሺፍት ከሁሉም የተሻለው ነበር። በዚያ ላይ ያን ጊዜ ሜትሮ በሥራ ቀን ማታ አምስት ተኩል ላይ ነው የሚዘጋው። ከረፈደበት የሚሄድበት ባቡር የለም። ጋሼ በመኪናቸው ሊያደርሱት ተስማሙ። ማናጀሩ ሳይነሱ ሺፍቱ ተቀየረ፤ ሁለት ሰው ዘግይቶ እንዲገባ፣ ዘግይቶ እንዲወጣ።

በዚያው ብርድ ናሽናልስም ተመሳሳይ ጥያቄ ነበረባቸው። ማርቲኔዝን አላባረሩም። ገንዘቡን ወርዋሪ ላይ አዋሉት። ፓትሪክ ኮርቢንን በስድስት ዓመት 140 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙ፣ አኒባል ሳንቼዝንም ጨመሩ። ለቡልፔኑ የመጣው ትሬቨር ሮዘንታል ግን አልሆነም። በመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎቹ አንድም መቺ ከጨዋታ ማስወጣት አቃተው፣ ጁን ላይ ተሰናበተ። በ2019 ሜይ መጨረሻ ላይ ቡድኑ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፏል። ከተማው በሙሉ ማርቲኔዝ ይባረር ይላል። ጋራዥ የሚገባው ሰው ሁሉ ያንኑ ነው የሚያወራው። ባልደረባዬ ብቻ ደብተሩን እያሳየ “ስታርተሮቹን ተዋቸው፣ ችግሩ ከሰባተኛው በኋላ ነው” ይላል። የቡድኑ ኃላፊዎችም ያንን አይተዋል መሰለኝ፣ ማናጀሩን ሳይነኩ ጁላይ መጨረሻ ላይ ለቡልፔኑ ዳንኤል ሃድሰንን ከቶሮንቶ አመጡ።

ኦክቶበር ላይ የሆነው ይታወቃል። ማርቲኔዝ ደካማውን ቡልፔን በስታርተሮቹ ደገፈው። በወርልድ ሲሪስ፣ በዋንጫው ፍጻሜ፣ ከሂዩስተን ጋር በተደረገው ሰባተኛ ጨዋታ ሼርዘር ጀመረ፣ ኮርቢን ከቡልፔን ወጥቶ ሦስት ኢኒንግ ያዘ፣ ሃድሰን ዘጋው። 6 ለ 2 አሸንፈው ዋንጫውን በሉ። ሂዩስተን ላይ ነበር። በዚያ ሲሪስ ሰባቱንም ጨዋታ እንግዳው ቡድን ነው ያሸነፈው፤ ዲሲ ላይ የተደረጉትን ሦስቱንም ተሸንፈናል። ሦስቱንም ማታ ጋራዡ ሞልቶ ነበር፣ ሰዉም አዝኖ ነው የሚወጣው። ግን ሰልፉ ይንቀሳቀሳል። ጋሼ መውጫው ላይ ቆመው በእጃቸው መኪና ይመራሉ። ባልደረባዬ ቡዙ ውስጥ ሆኖ ያዘነውን ሁሉ “ገና ነው፣ አላለቀም” ይላል።

ማሸነፍ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ያን ዓመት የወርልድ ሲሪሱ ምርጥ ተጫዋች የተባለው ስቲቨን ስትራስበርግ ነበር። ዲሴምበር ላይ በሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙት። ከዚያ በኋላ ጉዳት ላይ ጉዳት እየተደራረበበት ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው የወረወረው። እሱን አልወቅስም፤ ክንዱን ለዚያ ከተማ ነው የጨረሰው። የከፈሉት ግን ለሚመጣው ኢኒንግ ሳይሆን ላለፈው ነው።

እኛም ጋ በዚያው ብርድ ቢሮው “አሁን እኮ ቅሬታ የለም፣ የድሮውን ሺፍት እንመልሰው” አለ። ጋሼ በዚህ ጊዜ አልተንቀጠቀጡም። የደብተሩን ኮፒ ይዘው ሄዱ። በ2020 ስታዲየሙ በኮቪድ ምክንያት ያለ ተመልካች ስለተጫወተ ጉዳዩ ሳይነሳ ቀረ። በ2021 ሰው ሲመለስ ቡዙ ውስጥ የተለጠፈው የሺፍት ዝርዝር ላይ ሁለት ካሸር እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ይላል፣ ከሥሩ የጋሼ ፊርማ አለ።