ዩየር ሁቶንግ፣ ቁጥር 13

ከናንሉኦጉሺያንግ ባቡር ጣቢያ ወጥቼ በሰው የተጨናነቀውን መንገድ ትቼ ስታጠፍ ጫጫታው ከኋላዬ ቀረ። ቤጂንጎች እንዲህ ያለውን ጠባብ የሰፈር መንገድ ሁቶንግ ይሉታል፤ የዚህኛው ስም ዩየር ነው፣ ዝናብ ማለት ነው። ቁጥር 13 ቻይናዊው ሠዓሊ ቺ ባይሺ የኖሩበት ግራጫ የጡብ ግቢ ነው።

እዚያ ውስጥ እግሬን የያዘኝ የሽሪምፕ፣ የትንሿ የውኃ እንስሳ፣ ሥዕል ነበር። ቀረብ ብዬ አየሁት። የገላው እያንዳንዱ አንጓ በውኃ በቀጠነ ቀለም አንድ ጊዜ ብቻ የተነካ ነው፤ ጭንቅላቱ ላይ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ጠቆር ያለ ጠብታ ገብቶበታል። ስለዚህ ብርሃን የሚያሳልፍ ይመስላል። ውኃ ግን አልተሣለም። ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ቀርቷል፤ ሽሪምፖቹ ግን ይዋኛሉ።

ቺ ባይሺ እ.ኤ.አ. በ1864 በሁናን ክፍለ ሀገር፣ ሺያንግታን ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው አናጺነት ገብተው በቤት ዕቃ ላይ አበባና ወፍ ይቀርጹ ነበር። የሥዕል መማሪያ መጽሐፍ ያገኙት ለሥራ ከሄዱበት ቤት ነው፤ ተውሰው ማታ ማታ ገጽ በገጽ ገለበጡት።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ1919 ቤጂንግ ሲከትሙ 55 ዓመታቸው ነበር። ለአንድ የማራገቢያ ሥዕል የሚጠይቁት 2 ዩዋን (ከብር የተሠራ የቻይና ገንዘብ) የሌሎች ሠዓሊዎችን ዋጋ ግማሽ ያህል ነው፤ ገዢ ግን ጥቂት። ወዳጃቸው ሠዓሊው ቼን ሺዜንግ የራስዎን መንገድ ይፈልጉ ብለው ገፋፏቸው። በዚያ ዕድሜ የለመዱትን እጅ ትተው እንደ አዲስ ጀመሩ! በ1922 ቼን ሥዕሎቻቸውን ቶኪዮ ወስደው ሲያሳዩ ሁሉም ተሸጡ።

ሽሪምፑንም እንዲሁ አልተዉትም። ጠረጴዛቸው ላይ በሳህን ውኃ ውስጥ እያኖሩ ሲመለከቱ ኖሩ፤ ዓመታት በገፉ ቁጥር ከሆዱ ሥር ያሉትን እግሮች እየቀነሱ አምስት አደረሷቸው።

በጃፓን ወረራ ዘመን ለባለሥልጣን ሥዕል እንደማይሸጡ ጽፈው በራቸው ላይ ለጥፈዋል። ይህ ግቢ የተሰጣቸው በ1955 ነው፤ ነገር ግን የቀድሞ ቤታቸው ናፍቋቸው ከጥቂት ወራት በኋላ ተመለሱ። በ1957 እዚያው ቤጂንግ አረፉ።

ከመውጣቴ በፊት ወደ ሥዕሉ ተመልሼ የአንዱን ሽሪምፕ እግሮች ቆጠርኩ። አምስት ናቸው።