የጥጉ ስክሪን

ወለቴ ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ከአስፋልቱ ወደ እኛ ሰፈር የሚያስገባው ኮረኮንች ጠዋት ላይ ኩሬ በኩሬ ሆኗል። እኔ ደግሞ ኩሬ መኖሩን የማውቀው ከገባሁበት በኋላ ነው። እንደዚያም ሆኖ ከሰዓት በኋላ ጌም ቤት ሄድኩ። የግራ ጫማዬ ይህን ስጽፍ በረንዳው ላይ እየደረቀ ነው።

በ34 ዓመቴ ጌም ቤት ምን እንደማደርግ እናቴም ጠይቃኛለች። መልሱ ረዘም ይላል።

ዓይኔ ያስቸገረኝ መጀመሪያ በማታ ነው። ዳፍንት ነው ተባለ። እናቴ ለሁለት ወር ጉበት አበላችኝ። ጉበቱ ይጣፍጥ ነበር፤ ዓይኔን ግን አልጠቀመውም። በመጨረሻ ሐኪሙ ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ የሚባል ነው አለኝ። በዘር የሚመጣ ነው። ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን ቀስ በቀስ ይሞታል። ቀድሞ የሚሄደው በጨለማ የምናይበት ነው፤ ከዚያ የጎኑ እይታ ከዳር ወደ መሀል እየጠበበ ይመጣል። አሁን ክንዴን ዘርግቼ ሁለት ጡጫ ጎን ለጎን ብደቅን፣ የማየው ዓለም የዚያን ያህል ነው። ከዚያ ውጪ ያለው ጥቁር አይደለም። ዝም ብሎ የለም።

ይህን ለሰው ማስረዳት ከባድ ነው። በዚያች ጠባብ መስኮት የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነባለሁ። ከዚያ ተነስቼ በር ላይ ከተቀመጠ በርሜል ጋር እጋጫለሁ። አንድ ጊዜ ታክሲ ውስጥ የሴትዮ እግር ረግጬ «ስልክህን ሲሆን ታያለህ አይደል!» ተብያለሁ። እውነቷን ነው። ስልኬን አያለሁ።

ጌም ያቆምኩት ከአራት ዓመት በፊት ነው። የምንጫወተው ኳስ ነበር። ኳሷን ሳይ ተጫዋቼ ይጠፋኛል። ተጫዋቼን ሳገኝ ኳሷ ሌላ ሰፈር ናት። ጓደኞቼ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ አንድ ቀን ስድስት ለዜሮ አሸነፍኩ። ስድስት! ዓይኔ ደህና በነበረበት ጊዜ እንኳን ስድስት አግብቼ አላውቅም። ጆይስቲኩን አስቀመጥኩና ወጣሁ። ማንም ለምን አላለኝም።

የመለሰኝ ዓለምገና የሚኖር ጓደኛዬ ነው። በአራት ዓመቱ ኩፍኝ ዓይኑን ወስዶበታል፤ ብርሃንና ጨለማ እንኳን አይለይም። የተማረው ሰበታ መርሐ ዕውራን ነው። ከዚያ ሕግ አነበበ። ምላሱም እንደ ሙያው ነው። ባለፈው ሚያዝያ «ጌም ቤት ውሰደኝ» አለኝ።

«ምን ልታደርግ?» አልኩት። እኔ ራሴ፣ ይህን ሁሉ የማውቀው ሰውዬ።

«ሰው ልደበድብ።»

ሞርታል ኮምባት የሚባለውን የድብድብ ጌም ማለቱ ነበር። ከሌሎች ዓይነ ስውራን ሰምቷል። የዚህ ጌም ድምፅ ግራና ቀኝ በደንብ የተለየ ነው። የአንተ ሰው በግራ ቆሞ ከሆነ በግራ ጆሮህ ይተነፍሳል። ጠላት ዘሎ በላይህ ሲያልፍ ድምፁ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ይሻገራል። እያንዳንዱ ቡጢ፣ እያንዳንዱ እርግጫ የራሱ ድምፅ አለው። ጆሮ ያለው ሰው ድብድቡን ሊያነበው ይችላል።

ችግሩ የኛ ጌም ቤት ነው። የትኛውም ጌም ቤት ማለቴ ነው። ስድስት ቴሌቪዥን ጎን ለጎን ተደርድሯል፤ የሁሉም ድምፅ ተዘግቷል። ጥግ ላይ የተቀመጠው ትልቅ ስፒከር ሙዚቃ ያንባርቃል። ጓደኛዬ ገብቶ ነጩን በትሩን አጠፈና ትንሽ አዳመጠ። «ቴሌቪዥኖቹ ዲዳ ናቸው እንዴ?» አለ።

ኢርፎን ይዞ መጥቶ ነበር። የጌም ማሽኑ፣ ማለት የፒኤስ 4፣ ጆይስቲክ ከታች በኩል የኢርፎን ቀዳዳ አለው። ሰካው፣ ምንም የለም። ቤቱን የሚያስተዳድረው ልጅ «ይሄ ተበላሽቷል ፋዘር» አለኝ። አልተበላሸም። ማሽኑ ካልነገርከው በስተቀር ወደ ጆይስቲኩ የሚልከው የተጫዋቾችን ወሬ ብቻ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ፣ ከዚያ መሣሪያዎች፣ ከዚያ ድምፅ፣ ከዚያ ሁሉም ድምፅ በኢርፎን ይሂድ ማለት አለብህ። ልጁ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ ማሽን እንጀራ ሲበላ ያንን ገጽ ከፍቶት አያውቅም። እኔም ብሆን ከፍቼው አላውቅም።

ድምፁ ሲመጣ የጓደኛዬ ፊት እንዴት እንደሆነ አየሁት። ሙሉ ፊት በአንድ ጊዜ የማየው ወደ ኋላ ራቅ ስል ነው፤ ራቅ ብዬ አየሁት።

የመጀመሪያ ቀን በስምንት ድብድብ ስምንቱንም ተሸነፈ። አንድ ጌም 15 ብር ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል። 120 ብር ቆጥሮ በጣቱ እየለየ ሰጠና «ሰው የተማረው በክፍያ ነው» አለ። በሦስተኛው እሑድ የሰፈሩን ጎረምሶች አንድ በአንድ ማስነሳት ጀመረ። አሸናፊ ይቀጥላል በሚለው ሕግ አንድ ሰዓት ያህል ሳይነሳ የተቀመጠበት ቀን አለ። የሚያስቸግረው ድብድቡ አይደለም፤ ከድብድቡ በፊት ያለው ሜኑ ነው። የሚያነብለት ስለሌለ የትኛው ተዋጊ በስንት ቀኝና በስንት ታች እንደሚገኝ ቆጥሮ ይዞታል። አንድ ልጅ ከሱ በፊት ጠቋሚውን ካንቀሳቀሰበት ግን ያልፈለገው ሰው ሆኖ ይገባል።

በውጭው ዓለም ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ስቬን የሚባል የኔዘርላንድስ ዓይነ ስውር እ.ኤ.አ. በ2017 ስፔን ላይ ስትሪት ፋይተር በሚባል የድብድብ ጌም ውድድር ከሚያዩት ጋር ተፋልሟል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ስትሪት ፋይተር 6 ደግሞ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የድምፅ ምርጫ አለው። ከባላጋራህ ምን ያህል እንደራቅህ በድምፅ ይነግርሃል። በዚያው ዓመት የወጣው ፎርዛ ሞተርስፖርት ማየት የማይችል ሰው መኪና እንዲነዳ በድምፅ ይመራል። ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው «አየር ጤና መስመር ላይ ከሚነዱት በምን አንሳለሁ?» አለኝ።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ደስ ይላል። ጣጣው የመጣው ሦስተኛው ሰው ሲጨመር ነው።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ የ15 ዓመት ልጅ አለ። ከሕፃንነቱ ዓይኑን ያሳክከዋል፤ ሲያሸው ኖሯል። ኬራቶኮነስ ነው ብለውታል። የዓይኑ የፊት መስታወት እየሳሳ እንደ ሾጣጣ ወጥቷል። ሁሉ ነገር ድርብርብና ፍዝ ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህ የሚጫወተው አፍንጫውን ስክሪኑ ላይ ለጥፎ ነው። እኔ ደግሞ ስክሪኑን በሙሉ በመስኮቴ ውስጥ ለማስገባት ሦስት ሜትር ያህል ወደ ኋላ መራቅ አለብኝ፤ በሩ አጠገብ ያለች አንዲት ዱካ የኔ ሆናለች። አሁን አስቡት። እኔ ከኋላ፣ እሱ ከፊት። የኔ ዓለም ሁለት ጡጫ ነው፤ የሱ ጭንቅላት አንዱን ጡጫ በልቶታል።

«ራስህን ዝቅ አድርግ» እላለሁ።

«ዝቅ ካልኩ አይታየኝም ፋዘር።»

ካሜራውም እንዲሁ ነው። በኳሱ ጌም ውስጥ ካሜራውን ማቅረብና ማራቅ ይቻላል። እሱ እስከ መጨረሻው ያቀርበዋል፤ ተጫዋቾቹ ይተልቁለታል። ለኔ ግን ያ ሞት ነው። ነገር በተለቀ ቁጥር በመስኮቴ የሚገባው ያንሳል፤ አንድ ጉልበትና ግማሽ ሣር አያለሁ። እኔ ካሜራውን ሳርቀው ደግሞ ለሱ ሃያ ሁለቱም ተጫዋቾች ጉንዳን ይሆኑበታል። የተስማማንበት አንድ ነገር ማልያ ነው። አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቀይ። ኳሷም ደማቅ ትሁን። በዚህ ላይ እኔም እሱም የሚያዩትም ልጆች ተመችቶናል።

ሰው «ማየት የተሳነው» ሲል አንድ ዓይነት ጨለማ ነው የሚታየው። እ.ኤ.አ. በ2006 የተጠናቀቀው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር፣ 3.7 ያህሉ ደግሞ እይታው የደከመ ነው ብሎ ነበር። ማለት እንደኔና እንደዚህ ልጅ ያለነው ጭራሽ ከማያዩት ከእጥፍ በላይ ነን። እኛ ሁለታችን ደግሞ እርስ በርሳችን ተቃራኒ ነን።

ጌም የሚሠሩት ሰዎች ይህ አልጠፋቸውም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ዘ ላስት ኦፍ አስ ፓርት 2 ከ60 በላይ እንዲህ ያሉ ምርጫዎች አሉት። ማክሰኞ ዕለት ጌም ቤቱ ጭር ሲል የሁለት ሰዓት ሒሳብ ከፍዬ ሞከርኩት። ከፍተኛ ንፅፅር የሚለውን ስከፍት ዓለሙ በሙሉ ግራጫ ሆነ። ወዳጅ ሰማያዊ፣ ጠላት ቀይ። የግራውን ዘንግ ስጫን ካሜራው ራሱ ወደምሄድበት አቅጣጫ ዞረልኝ። ለዓመታት በቁጥቋጦ ውስጥ ጠላት ፈልጌ አላገኘሁም ነበር፤ እዚህ ቀይ ሆኖ መጣልኝ። ተኩሼ ገደልኩት። ከደስታዬ ብዛት ጮኼ፣ ቤቱን የሚያስተዳድረው ልጅ ምን ሆንክ ብሎ ሮጦ መጣ።

ግን ልብ ብዬ ሳየው፣ ያ ሁሉ ምርጫ የታሰበው ለአንድ ሰው ነው። የራሱ ቤት፣ የራሱ ማሽን፣ የራሱ ሶፋ ያለው ሰው። አንዴ ያስተካክለዋል፣ ነገ ሲመጣ እንዳስተካከለው ያገኘዋል። እኛ ጋ ስምንት ልጅ ተራ ይጠብቃል። ሴቲንግ የምነካበት እያንዳንዱ ደቂቃ ከኋላዬ «በናትህ ፍጠን» ይባልበታል። ሳስተካክል ዋልኩ፣ ማታ የሚመጣው ያፈርሰዋል። ግራጫውን ዓለም ረስቼው ከወጣሁ በማግስቱ ቴሌቪዥኑ ተበላሸ ተብሎ ቴክኒሻን ሊጠራ ይችላል። እውነቴን ነው፣ ለጥቂት ነው የተረፈው።

ቋንቋም አለ። ማሽኑ አማርኛ አያውቅም። ሜኑውን ጮክ ብሎ እንዲያነብ ብታደርገው በእንግሊዝኛ ነው። ጓደኛዬ አይቸገርም፤ የ15 ዓመቱ ልጅ ግን ይቸገራል። ስልክ ላይ ትንሽ ይሻላል። ጓደኛዬ ቶክባክ በሚባለው ስክሪን አንባቢ ሁሉን ነገር ያስነብባል፤ ኢስፒክ የሚባለው ነፃ ድምፅ አማርኛም ይሞክራል። ይሞክራል ነው ያልኩት። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም። «አለ» ተናገረ ይሁን ኖረ፣ «ገና» በዓሉ ይሁን ቆይ ማለቱ፣ እኛ ከዐረፍተ ነገሩ እናውቃለን። ድምፁ ግን አያውቅም። ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ለጓደኛዬ «ለገና እመጣለሁ» ብዬ ጽፌለት፣ «ገና ነው የምትመጣው?» ብሎ ደወለልኝ። ሰበብ ፈልጎም ሊሆን ይችላል።

ወደ ዛሬው ልመለስ። ጌም ቤቱን የሚያስተዳድረው ልጅ የጥጉን ስክሪን ከፍ ወዳለ መደርደሪያ አውጥቶት አገኘሁ። የ15 ዓመቱ ልጅ ጭንቅላት ከሥር ይሆናል፣ የኔ እይታ ከላይ ያልፋል። ማንም አላዘዘውም። አመሰገንኩት፤ «ጭቅጭቃችሁ ሰልችቶኝ ነው» አለ።

ካሜራውን በተመለከተ ከ15 ዓመቱ ልጅ ጋር ውል ገባን። የመጀመሪያው ግማሽ በሱ ካሜራ፣ ሁለተኛው በኔ። ጓደኛዬ የራሱን ድብድብ አቁሞ መጥቶ አጠገባችን ቆመ፤ ሕግ ያለበት ቦታ አይጠፋም። በመጀመሪያው ግማሽ ሁለት ገባብኝ። ሁለቱንም በልጆቹ ጩኸት ነው ያወቅኩት። በሁለተኛው እኔ ሁለት አገባሁ። እውነተኛ ሁለት። ልጁ ጥርሱን እየነከሰ ነበር የሚከላከለው፤ ያዘነልኝ ነገር የለም።

ተጨማሪ ሰዓት። በማን ካሜራ?

ሁለታችንም ተነሳን። ተራ የሚጠብቁት ጮኹ። ጓደኛዬ የአንድ ብር ሳንቲም ከኪሱ አወጣና «አንበሳ ከሆነ ያንተ፣ ሚዛን ከሆነ የልጁ» አለኝ። ወደ ላይ ወረወረ፣ በመዳፉ ያዘው፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ሚዛን» አለ።

ልጁ ሳንቲሙን ተቀብሎ ዓይኑ ድረስ አስጠግቶ አረጋገጠ። ሚዛን ነበር።

በሱ ካሜራ ጀመርን። እኔ ጉልበትና ሣር አየሁ። ትንሽ ቆይቶ ልጆቹ ጮኹ።

15 ብሬን ከፍዬ ወጣሁ። ዝናቡ አባርቷል። ኩሬው ግን ከበሩ ሁለት እርምጃ ላይ ይጠብቀኝ ነበር።