ክራሩ ይቅደም፦ ማሲንቆና ክራር በቡድን ሲማሩ

ማሲንቆ ላይ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ የሚያሳይ ምልክት የለም። ጆሮ ካልመራው እጅ ይስታል፤ የሚስተውም በጥቂቱ ስለሆነ ጀማሪው መሳቱን አያውቅም። ክራር ግን አንዴ ከተቃኘ እያንዳንዱ ክር የሚሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ሁለቱ በአንድ ክፍል ሲገናኙ ትምህርቱ ከክራሩ መጀመር ያለበት ለዚህ ነው። 5 ማሲንቆና 3 ክራር ካለ፣ ሦስቱ ክራሮች እስኪስማሙ ማሲንቆዎቹ ዝም ይበሉ። ብዙ ክፍል የሚበላሸው ገና በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቃኛል፣ ቤቱ ይንጫጫል፣ የራሱን ድምፅ የሚሰማ ይጠፋል።

ጎንደር አካባቢ፣ እንደ ቡርቧክስ ባሉ የአዝማሪ መንደሮች፣ ልጅ የሚማረው ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ጎን ተቀምጦ እያየና እየሰማ ነው። ማሲንቆ ሲይዝ ቅኝቱ ጆሮው ውስጥ አድሯል። በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ በኋላ የሚመጣ ተማሪ ይህ ዕድል የለውም፤ ስለዚህ ክፍሉ ከጣት ይልቅ ለጆሮ ብዙ ጊዜ መስጠት አለበት። ሰሌዳ ላይ ኖታ መጻፍ ክፋት የለውም፤ ግን ዓይን ወረቀት ላይ ሲተከል ጆሮ ሥራውን ይለቃል። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ያለ ወረቀት ማለፍ ይሻላል።

አቃቃኑ እንዲህ ነው። ክሩ ቶሎ የማይረግብ አንድ ክራር ይመረጥና በስልክ መቃኛ ይቃኛል። ሌሎቹ ስልኩን ሳይሆን ያንን ክራር እየሰሙ በየተራ ይቃኛሉ፤ ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ ይበቃል። ለትዝታ ሜጀር (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ላለው ቅኝት) መጀመሪያ ዶ፣ ቀጥሎ ሶል፣ ከዚያ ሬ፣ ከዚያ ላ፣ በመጨረሻ ሚ ይያዛል። ዶ እና ሶል አብረው ሲመቱ መስማማታቸውን ማንም ጀማሪ ይሰማል፤ ከሶል ወደ ሬ፣ ከሬ ወደ ላ፣ ከላ ወደ ሚ የሚኬደውም በዚያው ስምምነት ነው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ ብሎ በተርታ መቃኘት ግን ስህተትን ከክር ወደ ክር ያወርሳል። ስድስተኛው ክር ከአምስቱ የአንዱ ኦክታቭ (ያው ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ) ስለሆነ ሁለቱን አብራችሁ ምቱ። ካልተስማሙ ድምፁ ይርገበገባል፤ መርገብገቡ እየዘገየ ከሄደ እየቀረባችሁ ነው፣ ሲቆም ደርሳችኋል። ሁልጊዜ ክሩን ዝቅ አድርጋችሁ እያጠበቃችሁ ወደ ድምፁ ውጡ። እያላሉ የተቃኘ ክር በሁለተኛው ዜማ ላይ ይወርዳል።

አዲስ የናይሎን ክር ለጥቂት ቀናት ይለጠጣል። በእጅ ቀስ ብሎ እየሳቡ ደጋግሞ መቃኘት እንጂ ሌላ መላ የለውም፤ ስለዚህ ከትምህርቱ ቀን በፊት በነበረው ማታ ስድስቱንም ክር የቀየረ ተማሪ ክፍሉን ሁሉ ያስቸግራል። አንድ ወይም ሁለት እያላችሁ ቀይሩ።

አሁን ወደ ቅኝቱ ቅደም ተከተል ልምጣ፤ ጊዜ ከሁሉ በላይ የሚባክነው እዚህ ነው። ብዙ ቦታ ትዝታ ሜጀር እንዳለቀ ወደ ባቲ ሜጀር ይዘለላል። ይህ በክራር ሦስት ክር መንካት ነው፤ ሬ ወደ ሚ፣ ሚ ወደ ፋ፣ ላ ወደ ሲ ይወጣሉ። ስምንት ሰው ባለበት ክፍል ሩብ ሰዓት ይበላል፣ ክሩም ይበጠሳል። ቀላሉ መንገድ ሌላ ነው። በትዝታ ሜጀር የተቃኘ ክራር አንድም ክር ሳይነካ ባቲ ማይነር ይሆናል፤ መነሻውና ማረፊያው ከዶ ወደ ላ መዞሩ ብቻ ነው። ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እያላችሁ ላ ላይ ስታርፉ ባቲ ማይነር ራሱ መጣ ማለት ነው። ቀጥሎ ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ፤ ትዝታ ማይነር ሆነ። ከዚያ እንደገና ምንም ሳትነኩ ማረፊያችሁን ሶል ላይ አድርጉ፤ ሶል፣ ላ ቤሞል፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ቤሞል አምባሰል ነው (ቤሞል ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ማለት ነው)። ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬ ደግሞ ሬ በግማሽ ድምፅ ይወርዳል፣ ሚ ቤሞል ወደ ሚ ይመለሳል። አራት ጊዜ ክር በመንካት አምስት ቅኝት አዳረሳችሁ። ባቲ ሜጀር ለመጨረሻ ይቆይ። ስድስተኛው ክር ጓደኛው በተነካ ቁጥር አብሮ መነካቱን አትርሱ፤ ክራሩ በድንገት «የታመመ» ሲመስል አብዛኛውን ጊዜ የተረሳው እሱ ነው።

ይህ መንገድ ከጊዜ በላይ የሚሰጠው ነገር አለ። ተማሪው ቅኝት ማለት የድምፆች ስብስብ ብቻ አለመሆኑን፣ ዜማው የሚያርፍበት ቤት መሆኑን በጆሮው ያረጋግጣል። ባዶ ክሮቹን ደርድሮ «ይህ ትዝታ ነው ወይስ ባቲ?» ቢባል መልስ የለም፤ መልሱ የሚመጣው ዜማው ሲያርፍ ነው።

ማሲንቆው ከዚህ በኋላ ይግባ። ባዶውን ጭራ፣ ማለትም ጣት ያልነካውን የማሲንቆ ክር፣ ከክራሩ ዶ ጋር አስማሙ። ባዶው ጭራና አራቱ ጣቶች ተደምረው አምስት ድምፅ ናቸው፤ የቅኝቱ ድምፆችም አምስት ናቸው። ከብርኩማው (ቆዳው ላይ ቆሞ ጭራውን ከሚደግፈው እንጨት) እስከ ላይኛው ማሰሪያ ያለው ጭራ 50 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ በትዝታ ሜጀር ሬ (ጠቋሚ ጣት) ከማሰሪያው 5.6 ሳንቲሜትር፣ ሚ (መሀል ጣት) 10፣ ሶል (የቀለበት ጣት) 16.7፣ ላ (ትንሿ ጣት) 20 ላይ ይገኛሉ። ላይኛው ዶ ልክ እኩሌታው፣ 25 ላይ ነው። የእናንተ ማሲንቆ ረዝሞ ወይም አጥሮ ከሆነ በዚያው ልክ አባዙት። ከመሀል ጣት እስከ ቀለበት ጣት ያለው ክፍተት 6.7 ሳንቲሜትር መሆኑን ልብ በሉ። ትንሽ እጅ ይህን በመዘርጋት አይደርስበትም፤ እጁ በሞላ መንሸራተት አለበት። ሶል ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ የሚሰማው እጁን ላለማንቀሳቀስ ጣቱን ብቻ ከሚዘረጋ ተማሪ ነው። ወደ ትዝታ ማይነር ስትሻገሩ መሀል ጣት ከ10 ወደ 8.3፣ ትንሿ ጣት ከ20 ወደ 18.8 ይመለሳሉ። ለአምባሰል ባዶው ጭራ ዶ እንደሆነ ይቆይና ማረፊያው የቀለበት ጣት ይሁን። አንገቱ ላይ በእርሳስ ነጥብ ማድረግ ለሁለት ሳምንት ይፈቀድ፤ ከዚያ ይጥፋ።

ጣት ጭራውን ይነካዋል እንጂ እስከ አንገቱ አይጫነውም። የተጫነ ጭራ ይወጠራል፣ ድምፁም ከቦታው ሽቅብ ይሸሻል። ደጋኑ ሲጮህ ወይም ሲያፏጭ ምክንያቱ ከሦስት አይዘልም፤ እጅ ከብዷል፣ ደጋኑ ጭራውን በሰያፍ ይሻገራል፣ ወይም ሙጫ አንሷል። ሙጫው ወይም እጣኑ በደጋኑም በማሲንቆውም ጭራ ላይ በስሱ ይታሻል፤ ሲበዛ ድምፁ ይሻክራል። የመተማ ዕጣን ቅርባችን ስለሆነ በዚህ በኩል ጎንደር አይቸገርም። ጭራውን በእጅ አትዳብሱ። ወጥ የነካ እጅ፣ በሳሙና ካልታጠበ፣ ጭራውን ቅባት ያለብሰዋል፤ ቅባት የገባው ጭራ ሙጫ አይቀበልም፣ ደጋኑ ያለ ድምፅ ይንሸራተታል።

ክረምት ሌላ ጉዳይ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የማሲንቆው ቆዳ እርጥበት ይጠጣል፣ ይላላል፣ ብርኩማው ይሰምጣል፣ ድምፁ ይታፈናል። ተማሪው ጭራውን አጥብቆ ሊያስተካክል ሲሞክር ብርኩማው ይብስ ቆዳውን ይጫናል። መጀመሪያ ቆዳውን ከከሰል ምድጃ አንድ ክንድ ያህል አርቃችሁ እያገላበጣችሁ አሙቁ፤ በጣት ሲነካ ጠንከር ብሎ ሲመልስ ይበቃል። አቅርቦ ያሞቀ ይተረትረዋል።

ዜማ ሲሰጥ አስተማሪው መሣሪያ ሳይዝ ይዝፈነው። ክፍሉ በአፉ ይመልስ፤ ግጥሙ ባይያዝ እንኳ በ«ላ ላ» ይሁን። በአፉ ያልተስተካከለ ተማሪ በማሲንቆ አይስተካከልም፤ ይህን ደረጃ መዝለል የሚያስገኘው ትርፍ የለም። ግጥሙ የወል ቤት ከሆነ እያንዳንዱ ስንኝ 12 ቀለም አለው፣ መሀሉ ላይ 6 እና 6 ሆኖ ይከፈላል። ዜማውንም በዚያው ቁረጡት፤ መጀመሪያ 6፣ ቀጥሎ 6፣ ከዚያ ሁለቱ አብረው። ግማሽ ስንኝ በክራር፣ ከክራሩ በማሲንቆ፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ። ምቱ ችክችካ የሚባለው ሲሆን 6 እየቆጠራችሁ 1 እና 4 ላይ አጨብጭቡ፤ ጭብጨባው ሳይፋጠን ሁለት ደቂቃ ሙሉ መቆየት ከቻለ መሣሪያው ይነሳ። ጀማሪ ክፍል የሚፋጠነው ቀላል በሆነው ቦታ ነው፣ የሚጎተተው እጅ በሚንሸራተትበት፤ የሚለካውም ፍጥነት በከባዱ ቦታ ይሁን።

ክራር ተማሪው ግርፍ ሲጀምር ቀኝ እጁ ሁሉንም ክር ይገርፋል፣ ግራ እጁ ከኋላ ሆኖ የማይፈለጉትን ክሮች ያፍናል፤ የሚፈለገውን ብቻ ይለቃል። ችግሩ መልቀቁ ላይ ነው፤ ጣቱ ከግርፉ በኋላ ከተነሳ ዜማው ይንተባተባል። ጣት ቀድሞ ይነሳ፣ ግርፉ ይከተል። አስናቀች ወርቁ ክራር እየደረደረች ስትዘፍን የተቀረጸውን ማዳመጥ ለዚህ ይረዳል፤ ክራሩ የቃሉን ዜማ እንዴት እንደሚከተል በግልጽ ይሰማል።

ማሳመሪያ ቶሎ አይምጣ። አዝማሪ ሲዘፍን ማሲንቆው ዜማውን ዝግ ብሎ ይከተላል፣ ስንኙ ሲያልቅ ክፍተቱን ይሞላል። ጀማሪ ግን ድምፃዊው ሳይጨርስ መሙላት ይወዳል። በክፍል ውስጥ አንድ ሰው ይዝፈን፣ አንድ ማሲንቆ ብቻ ይመልስ፣ በየተራ ይዙር፤ ሌሎቹ በጣት ብቻ ያለ ደጋን ይከተሉ።

ከመበተናችሁ በፊት ዜማውን አንዴ በዝግታ፣ አንዴ በፍጥነቱ በስልክ ቅረጹ፤ በትምህርቱ መሀል የተቀረጸ ቁርጥራጭ ተማሪውን ያደናግረዋል። ከዚያ የማሲንቆውን ጭራ ጥቂት አላሉና ብርኩማውን አጋድሙት፣ ቆዳው እስከሚቀጥለው ትምህርት ይረፍ።