በአንዴ አትውሰድብኝ ብዬ ለምኜ ነበር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ይህን የምናገረው ስለት ስላለብኝ ነው። «ጸሎቴን ከሰማኸኝ በሰው ፊት እመሰክራለሁ» ብዬ ነበር። መስማቱን ለመረዳት ግን ብዙ ዓመት ፈጀብኝ፤ ምስክርነት ሲባል እኔ የማውቀው ዓይኑ የጠፋ ሰው ፀበል ገብቶ እያየ ሲወጣ ነውና። የኔ እንደዚያ አይደለም። ዛሬ በግራ ዓይኔ ምንም አላይም፤ በቀኙ ብርሃንና ጥላ እለያለሁ። እግዚአብሔር ሰምቶኛል የምለውም ይህንኑ ይዤ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ አማርኛ መምህርት ነበርኩ። ሕመሙን ያወቁብኝ ልጆች ናቸው። በግራ በኩል ግድግዳው ሥር የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ «ቲቸር እጄን ባወጣም አትጠይቀኝም፤ ትጠላኛለች» ብላ አልቅሳ ኖሮ እናቷ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። እኔ ልጅቷ እጅ ስታወጣ አይቼ አላውቅም። በማግሥቱ ሰሌዳው ፊት ቆሜ መሐል መሐሉን እያየሁ ሞከርኩት። የጨለመ ነገር የለም፤ ያ ረድፍ ራሱ ክፍሉ ውስጥ የሌለ ነው የሚመስለው።

ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለኝ። ዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንደ ልብ መውጣት ሲያቅተው ግፊቱ ይጨምራል፤ ግፊቱም ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ይጎዳዋል። ጤነኛ የሚባለው ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ባለው ውስጥ ነው፤ የኔ ከ30 አልፎ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ሕመም ስለሌለውና ከዳር ስለሚጀምር ሰው ብዙውን አጥቶ ነው የሚነቃው። የሄደው አይመለስም፤ ጠብታውም ቀዶ ሕክምናውም የቀረውን ለማቆየት ነው። ይህን ሁሉ በትዕግሥት አስረዳኝ፣ እግዜር ይስጠው።

ከክፍሉ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። «ጌታ ሆይ፣ መውሰድህ ካልቀረ በአንዴ አትውሰድብኝ። እስክለምደው ታገሠኝ» አልኩ። ፈውሰኝ ማለት እየቻልኩ ለምን ይህን እንደለመንኩ አላውቅም። ምናልባት መምህርነቴ ይሆናል፤ ፊደል እንኳ በአንድ ቀን አይሰጥም።

ቤት ስገባ ግን ያንን ጸሎት ረስቼው ሌላውን ጀመርኩ። ሱባዔ ያዝኩ፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ፀበል ተጠመቅሁ። አጠገቤ የነበረች አንዲት እናት ለብዙ ጊዜ ያስቸገራት ሕመም ለቀቃት፤ እኔም ከሁሉ ጋር እልል አልኩላት። አልቀናሁም ብል እዋሻለሁ። እዚያው አንዷ «ጠብታውን ካልጣልሽው እምነትሽ ጎደሎ ነው» አለችኝ። የሚያጠምቁትን አባት ጠየቅኋቸው። ሲራክ «ሐኪምን አክብረው፣ እርሱን የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና» እንደሚል አስታውሰው፣ «ፀበሉንም ጠጪ፣ ጠብታውንም አንጠብጥቢ» አሉኝ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ፀበሉን ከመድኃኒቱ ጋር እንዲወስዱ በአደባባይ መክረው ነበር። ስለዚህ ማታ ማታ ጠብታዬን አድርጌ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ። ጠብታው ከገበያ ሲጠፋ መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት መዞሩም የጸሎቱ አካል ሆኖ ነበር።

ዓይኔ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ሄደ። መጀመሪያ ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ ዴስኮቹን ከፊቴ በግማሽ ክብ አደረግኋቸው፤ ከዓይኔ ውጭ የሚሆን የግራ ዳር አልቀረም ማለት ነው። የተማሪ ደብተር ማረም ሲያቅተኝ ድርሰታቸውን ራሳቸው ቆመው እንዲያነቡልኝ አደረግሁ። እጅ ጽሑፋቸው ነጥብ ሲያሳጣቸው የኖሩ ልጆች እንዴት ያሉ ተራኪዎች እንደሆኑ ያየሁት ያኔ ነው። ጡረታ ስወጣ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው በልማድ ነበር፤ መስመሩ ሲጣመም ልጆቹ «ቲቸር፣ ወደ ላይ!» ይሉኛል።

ከሁሉ በላይ የምመሰክረው ስለ ዳዊቴ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ከመጽሐፍ ነበር የምደግመው፤ ፊደሉ ሲደበዝዝብኝ ያለቀስኩትን ያህል ለሌላ ነገር አላለቀስኩም። በደብራችን አንድ የኔታ አሉ፤ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ሄጄ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ በአብነት ትምህርት ቤት የቃል ትምህርት መቼ እንደሚሰጥ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «አላውቅም፣ የኔታ» አልኩ። «ሲመሽ ነው። ቀን ላይ መጽሐፍ ይታያል፤ የቃል ትምህርት መብራት ስለማያስፈልገው ለማታ ይቆያል። ገና ብርሃን ሳለሽ ከማታው ትምህርት ጀምሪ።»

ጀመርኩ። ዳዊት 150 መዝሙር ነው፤ በእኛ አከፋፈል አሥር አሥሩ አንድ ንጉሥ እየተባለ 15 ንጉሥ ይሆናል። ጠዋት ጥቂት ቁጥር ከመጽሐፉ አያለሁ፣ ቀኑን ሙሉ አጉረመርመዋለሁ፣ ማታ ለየኔታ አሰማለሁ። የሳትኩትን አያልፉኝም። 118ኛው መዝሙር ብቻውን 176 ቁጥር ነው፤ ወራት በልቶብኛል። ሰዎች «‹ሕግህ ለእግሬ መብራት› የሚለው ላይ ስትደርሺ አላለቀስሽም ወይ?» ይሉኛል። እሱ 105ኛው ቁጥር ላይ ነው፤ እኔን ያስለቀሰኝ 71 ቁጥር ገና መቅረቱ ነው። የመጨረሻዎቹን ነገሥታት መጽሐፉን በጣም አስጠግቼ፣ ቀጥሎም የእህቴ ልጅ እያነበበችልኝ ያዝኳቸው። ዓይኔ ፊደል መለየት ሲያቆም ዳዊቱ ገብቶ አልቆ ነበር።

ወጥ ቤቱ አላስቸገረኝም። ቡና ስቆላ ቀለሙን ትቼ መንጣጣቱንና ሽታውን እከተላለሁ፤ እንጀራውንም በእንፋሎቱ አውቀዋለሁ። መንገዱ ነው የከበደው። ነጩን በትር ገዝቼ ለረጅም ጊዜ ከበር ኋላ አቁሜው ኖሬያለሁ። ጎረቤት የሚለው ነበር የሚያስፈራኝ፤ ይዤው ስወጣ ግን ጎረቤት ያለው «እትዬ፣ በዚህ በኩል ጉድጓድ አለ» ብቻ ነው። ለነገሩ የአዲስ አበባ የታክሲ ረዳቶች ይባረኩ፤ መገናኛ፣ አራት ኪሎ፣ ሜክሲኮ እያሉ ባይጮኹ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር? በ2013 ብሩ ሲቀየርና ባለ 200ው ሲመጣ ደግሞ ሁሉን በየዓይነቱ ማጠፍ ተማርኩ፤ 200ው በቁመቱ፣ መቶው ለሁለት፣ ሃምሳው ሳይታጠፍ።

ታዲያ አንድ ቀን ለክትትል ሄጄ ሐኪሙ ቀኝ ዓይኔን ሸፍኖ በግራው ላይ መብራት አበራ። «ይታይሻል?» አለኝ። «አላበራኸውም እኮ» አልኩት። ዝም አለ። የግራ ዓይኔ መቼ ሙሉ በሙሉ እንደሄደ እኔም እርሱም አናውቅም። ለዓመታት እንቅልፍ የነሳኝ ነገር መጥቶ፣ አልፎ፣ እኔ ቡናዬን አፍልቼ፣ ዳዊቴን ደግሜ፣ ታክሲ ተሳፍሬ ሐኪም ቤት ደርሻለሁ።

ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ስቀመጥ የረሳሁት ጸሎት ትዝ አለኝ። በአንዴ አትውሰድብኝ፣ እስክለምደው ታገሠኝ። በሕይወቴ ቃል በቃል የተፈጸመልኝን ጸሎት ስቆጥር እርሱን አገኘሁ። በዘጸአት 23 እግዚአብሔር ለእስራኤል ጠላቶቻቸውን በአንድ ዓመት እንደማያስወጣላቸው፣ ጥቂት በጥቂት እንደሚያደርገው ይነግራቸዋል፤ ሕዝቡ ሳይበዛ ምድሪቱ ባዶ ቀርታ አውሬ እንዳይሞላት ነው። እዚያ የሚነገረው ስለ መስጠት ነው፣ የኔ ደግሞ ማጣት ነበር፤ ግን በየጊዜው ባዶ የሆነውን ቦታ እስክሞላው ድረስ የሚቀጥለውን አልወሰደብኝም።

ሌላም አለ። ግላኮማ በዘር ስለሚሄድ ሐኪሙ ወንድምና እህቶቼ እንዲመረመሩ አዘዘ። ታናሽ ወንድሜ ምንም አይሰማውም ነበር፤ «ዓይኔ እንደ ንስር ነው» እያለ ሲያላግጥ ግፊቱ ከፍ ብሎ ተገኘ። ገና ምንም ሳይሄድበት ጠብታ ጀመረ። አሁንም መኪናውን ይነዳል፣ በየእሑዱም ቅዳሴ የሚወስደኝ እርሱ ነው። «እትዬ፣ አንቺ ባትታመሚ እኔ ጠፍቼ ነበር» ሲለኝ ምን ብዬ እንደምመልስለት እስካሁን አላገኘሁም።

ይህን የጻፍኩት በስልኬ ነው፤ ቶክባክ የሚባለው የስልኩ አንባቢ ድምፅ እያንዳንዱን ፊደል እየነገረኝ፤ የተሳሳተውን የእህቴ ልጅ አርማልኛለች። ለቀኝ ዓይኔም የምለምነው ያንኑ ነው፤ ብሬል ጀምሬያለሁና ጣቶቼ እስኪለምዱ እንዲታገሠኝ። የክርስትና ስሜ ወለተ ማርያም ነው፤ በጸሎታችሁ አስቡኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።