ቤቱም ይግባ

ነሐሴ 9፣ ከሰዓት

ዛሬ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ጎንደር ከጠዋት ጀምሮ ይዘንባል። መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለት ጊዜ መጣ። የሰፈር ልጆች በዝናቡ ውስጥ ጅራፍ ያጮሃሉ፣ ቡሄ አራት ቀን ነው የቀረው። ሌላ ዓመት ቢሆን ካሜራዬን ይዤ ወጥቼ ነበር። ዛሬ ግን መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ነው የዋልኩት።

እህቴ ትናንት ማታ ደውላ ነበር። ለመስቀል ትመጣለች። «የምትፈልጊውን ካሜራ ቶሎ ወስነሽ ንገሪኝ፣ ሻንጣዬ ሳይሞላ» አለችኝ። ይኼን ስልክ ስንት ዓመት ጠብቄው ነበር። መጣ፣ ግን ደስ አላለኝም። ለምን እንደሆነ እስካሁን እያሰብኩ ነው።

የኔዋ ካሜራ አርጅታለች። በ2007 ነው እጄ የገባችው። የመያዣዋ ጎማ ተላቆ በሱፐር ግሉ ለጥፌዋለሁ። ላይዋ ላይ ያለውን መዘውር አንድ ሳዞረው ሁለት ይዘላል፣ አንዳንዴ ጭራሽ አይሰማኝም። አራት ባትሪ አላት፣ አራቱም ተደምረው የድሮውን የሁለቱን ያህል አይሠሩም። ግን ትንሽ ነች። ኮት ኪስ ትገባለች። ሲሜን ተራራ ላይ ጨነቅ ድረስ አንገቴ ላይ ተንጠልጥላ ስትሄድ ከብዳኝ አታውቅም። ተራራ ለሚወጣ ሰው ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ እያንዳንዷ ግራም ትቆጠራለች፣ ከባድ ካሜራ ደግሞ መጨረሻው ቦርሳ ውስጥ መቅረት ነው። ቦርሳ ውስጥ ያለ ካሜራ ፎቶ አያነሳም።

ስለዚህ የምፈልገው ግልጽ ነው። ትንሽ ይሁን፣ አቧራና ጠብታ ይቻል፣ የእጅን መንቀጥቀጥ ከውስጥ ያርግብ፣ ብርድ ላይ ባትሪው አይሙት። ሲሜን ላይ ማታ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ባትሪ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ኬሚካል ይንቀረፈፋል፣ ሞልቶ ያደረው ጠዋት ባዶ ነኝ ይላል። እኔ ባትሪዎቼን ካልሲ ውስጥ አድርጌ ታቅፌያቸው ነው የምተኛው። የጥምቀት ነገርማ አይነሳ። ፋሲለደስ መዋኛ ውሃው ተባርኮ ልጆቹ ዘለው ሲገቡ፣ ሰው ሁሉ ሲረጫጭ፣ እኔ ካሜራዬን በፌስታል ጠቅልዬ ወደ ኋላ እሸሻለሁ። በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ደቂቃ ነው፣ ስንቴ አመለጠኝ።

ሁለት ካሜራ ላይ ቆሜያለሁ። አንዱ ኦኤም-5 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ። 414 ግራም ነው፣ አቧራና የውሃ ፍንጣቂ መከላከያው አይፒ53 የሚባለው ደረጃ አለው። ሴንሰሩ፣ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል፣ ግን ከኔዋ ያንሳል፣ ጨለማ ላይ አላምነውም። ሌላው ሶኒ አልፋ 6700 ነው፣ የ2023። 26 ሜጋፒክስል፣ ባትሪው ትልቅ፣ ክብደቱ 493 ግራም። ሲወጣ ያለ ሌንስ 1,400 ዶላር አካባቢ ነበር። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል፣ ወደ ብር ስመነዝረው ልቤ ይርዳል። እህቴ «ገንዘቡን ተይው» ትላለች። ልተወው አልችልም፣ ስንት ሰዓት ቆማ እንደምትሠራው አውቃለሁ።

ሁለቱም የእጅ መንቀጥቀጥ ማርገቢያ አላቸው። ይኼ ለደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚጠቅመኝ። ጣራው ላይ ያሉት የመላእክት ፊቶች አይንቀሳቀሱም፣ ካሜራው ብቻ ጸጥ ካለ ያለ ፍላሽ በደንብ ይወጣሉ። ለሚሮጥ ነገር ግን አይረዳም። ጭላዳ ገደል ላይ ሲዘል ካሜራው ቢረጋም ጭላዳው አይረጋም። ሰው ይኼን ሳያውቅ ነው ብዙ ገንዘብ የሚያወጣው።

ለመወሰን እንዲረዳኝ ብዬ የድሮ ፎቶዎቼን ከፈትኩ። በየትኛው ሌንስ ብዙ እንዳነሳሁ፣ ጨለማ ላይ ምን ያህል እንደተቸገርኩ ለማየት ነበር። እዚያ ላይ ነው ነጥቧን ያየኋት።

ሰማዩ ላይ፣ በስተግራ፣ ትንሽ ግራጫ ነጥብ አለች። የሲሜኑን ጫፍ እሜት ጎጎን ባነሳሁት ላይ አለች። ጎሃ ተራራ ላይ ሆኜ ከተማውን ባነሳሁት ላይ አለች። የጥምቀት ሰማይ ላይም አለች። ሴንሰሩ ላይ የተቀመጠ አቧራ ነው። እንዲህ ዓይነት ካሜራ ከሴንሰሩ ፊት አንጸባራቂ መስታወት ስለሌለው ሌንስ ሲቀየር ውስጡ ገላጣ ነው፣ ንፋስ ያለበት ቦታ ላይ መቀየር አይመከርም። እኔ ግን እቀይር ነበር፣ ያውም ገደል አፋፍ ላይ ቆሜ። ነጥቧ መቼ እንደገባች ለማወቅ ወደ ኋላ እየሄድኩ ማየት ጀመርኩ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አምስት ዓመት። ዝናቡንም፣ እህቴንም፣ ካሜራውንም ረሳሁት።

መጀመሪያ የታየችው ጥቅምት 2008 ላይ ነው። ጊጭ፣ ሲሜን ፓርክ ውስጥ የነበረው መንደር።

ያኔ ከጉዞ ባልደረባዬ ከወ. ጋር የሄድኩበት ጉዞ ነው። በቅሎ የጫኑልን አያ ሙሄ የጊጭ ሰው ነበሩ። ቤታቸው አስገብተው ቡና አስፈሉልን። ስንወጣ በር ላይ ላነሳቸው ፈለግሁ። ኮፍያቸውን አስተካከሉና «ልጄ፣ እኔን ብቻ አታንሺ፣ ቤቱም ይግባ» አሉኝ። እሺ አልኩ። «ሊያስነሱን ነው ይባላል» አሉ ቀጥለው፣ እንደ ተራ ወሬ። እኔ የማየው ብርሃኑን ነበር። ፀሐይዋ በጎን መጥታ ፊታቸው ላይ ያለውን ሽብሽብ ሁሉ ታወጣዋለች።

በዚያው ዓመት መንደሩ ተነሳ። ሰዎቹ ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ገቡ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከዚያ ወጣ። ለዋልያውም ለሣሩም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አሁንም ደስ ይለኛል። ግን ያ በር የለም። ቡና የጠጣንበት ምድጃ የለም።

ፎቶውን አሳጥቤ እልክልዎታለሁ ብዬ ነበር። አልላክሁም። ረስቼው አይደለም። ዛሬ ነገ ስል ነው፣ ከዚያ ደግሞ ጊዜው ተለወጠ፣ መንገዱም እንደልብ የሚኬድበት አልሆነም። የፊታችን ጥቅምት አስር ዓመት ይሞላዋል።

ፎቶውን አሁን ስክሪኑን ሞልቼ ከፍቼዋለሁ። ፊታቸው ልቅም ብሎ ወጥቷል፣ የዓይናቸው ሽፋሽፍት ይቆጠራል። ቤቱ ግን የለም። አለ፣ ግን ቀልጧል። ያኔ ያቺን 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አዲስ ስለነበረች ኤፍ 1.8 ላይ፣ የብርሃን መግቢያዋን እስከ መጨረሻ ከፍቼ፣ ሰውን ከኋላው ነጥዬ ማውጣት እወድ ነበር። ቤቱ ቡናማ ጭጋግ ሆኗል። ሣር ክዳን መሆኑን የማውቀው እዚያ ስለነበርኩ ነው። ሰውዬው ቃል አውጥተው የለመኑኝ አንድ ነገር ነበር፣ እሱን ነው ያደበዘዝኩት። ሶፍትዌር ሞከርኩ፣ ጥርት ማድረጊያውን እስከ መጨረሻው ገፋሁት። ያልተነሳ ነገር ከየት ይመጣል? 26 ሜጋፒክስልም አይመልሰው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን አንድ በአንድ አየሁ። ከአሥራ አራት ፎቶ በኋላ አንድ አገኘሁ። ሌንሱን ቀይሬ በሰፊው ያነሳሁት ነው፣ ነጥቧም የገባችው ያን ጊዜ መሆን አለበት። ቤቱ ሙሉውን አለ። ክዳኑ፣ አጥሩ፣ በስተኋላው የገብስ ማሳው፣ በሩ ላይ የተደገፈው ዱላ። ሁሉም ጥርት ብሏል። ነጥቧ ክዳኑ ጫፍ ላይ፣ ጭስ በሚወጣበት በኩል ተቀምጣለች። አያ ሙሄም አሉ፣ ግን ጀርባቸውን ሰጥተው የበቅሎውን ጭነት እያጠበቁ ነው። ፊታቸው አይታይም።

እህቴ አሁን መልእክት ልካለች፣ «ወሰንሽ?» ትላለች። አልመለስኩላትም።

ነገ ሁለቱንም ፎቶዎች ፍላሽ ላይ አድርጌ ፒያሳ ፎቶ ቤት እወስዳቸዋለሁ፣ በትልቁ ይታጠቡልኝ። ደባርቅ ከዚህ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚሄድ ሰው ካገኘሁ አያ ሙሄ የት ሰፈር እንደሚኖሩ እንዲጠይቅልኝ እለምነዋለሁ፣ በሕይወት ካሉ ራሴ እሄዳለሁ። ነጥቧን ማጥፋት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ግን እጄ እምቢ አለ። እና ፊት ለፊታቸው ስቆም፣ የትኛውን ነው ቀድሜ የምሰጣቸው? ቤት የሌለውን ፊት ነው ወይስ ፊት የሌለውን ቤት?