ጅቡቲን ከላይ ያየሁ ቀን

ቢሮዬ ለገሃር ነው፣ አራተኛ ፎቅ። መስኮቱን ስከፍት የድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊቴ ነው። የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ፊቱ ቆሟል። ጣቢያው ግን ባቡር ካየ ቆይቷል።

ሥራዬ ትራንዚተርነት ነው። የሰው ዕቃ ከወደብ ተነሥቶ መጋዘን እስኪገባ ወረቀቱን ተከትዬ እሮጣለሁ። ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ ቢል ኦፍ ሎዲንግ፣ ዲክላራሲዮን። 11 ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ዓመታት «ጅቡቲ» የሚለውን ቃል የጻፍኩትን ያህል የገዛ ስሜን አልጻፍኩም። ዕቃው የሚገባበት ወደብ፣ ጅቡቲ። የሚራገፍበት፣ ጅቡቲ። ከመልመዴ ብዛት ከተማ መሆኗን ረስቼው ነበር። ሰው የሚተኛባት፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚሄድባት፣ ሽንኩርት የሚገዛባት ቦታ መሆኗ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት ሄጄ አየኋት። ይኸው ስንት ቀኔ፣ ዓይኔን ስጨፍን አሁንም ትመጣብኛለች። ሳይጠፋኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

የሄድኩት ለችግር ነው። አንድ የደብተር ወረቀት ያስመጣ ደንበኛ አለን። ዕቃው ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው የማሸጊያ ቁጥርና ኮንቴይነሩ ላይ ያለው በአንድ አኃዝ ተለያዩ። 3 መሆን የነበረበት 8 ሆኗል። በዚች አንድ አኃዝ 19 ቀን ቆመ። ወደብ ላይ የቆመ ዕቃ ደግሞ በቀን ነው የሚቆጠርበት፣ በዶላር። በስልክ ለመንን፣ በኢሜይል ለመንን፣ አልሆነም። በመጨረሻ አለቃዬ «ሂጂና ጨርሰሽው ነይ» አለኝ።

ከመሄዴ በፊት በነበረው ማታ አጎቴ ቤት ጎራ አልኩ። ጎላ ሚካኤል አካባቢ፣ በድሮ የቀበሌ ቤት ነው የሚኖሩት። ጋሼ ነው የምላቸው። 82 ዓመታቸው ነው። 31 ዓመት የምድር ባቡር ዕቃ ክፍል ጸሐፊ ነበሩ። በእኔና በእሳቸው መካከል ያለው ልዩነት ኮምፒውተር ብቻ ነው። እሳቸውም «ጅቡቲ» ሲጽፉ ነው የኖሩት።

እንደምሄድ ስነግራቸው ቀና ብለው ተቀመጡ።

«በምን?»

«በአውሮፕላን ነው፣ ጋሼ።»

ዝም አሉ። ከዚያ ጣታቸውን አንሥተው አየር ላይ አንድ መስመር አሰመሩ። «ከዚህ ስትሄጂ ሰሜኑ በግራሽ ነው። ከተማው ደግሞ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተሰሜን ነው። በግራ በኩል ተቀመጪ።»

ጋሼ ጅቡቲ የገቡት ሁልጊዜ በባቡር ነው። ከተማውን ከላይ አይተውት አያውቁም። ግን ካርታው ጭንቅላታቸው ውስጥ አለ። ጣቢያዎቹን ደግሞ እንደ ዳዊት ነው የሚደግሟቸው። አቃቂ፣ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር፣ ድሬዳዋ፣ ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ፣ አሊ ሳቢህ፣ ሆልሆል፣ ጅቡቲ። 784 ኪሎ ሜትር። በመሀል ትንፋሽ አይወስዱም። «ባሕሩን ከማየትሽ በፊት ሸሚዝሽ ነው የሚያውቀው» አሉኝ። «ይረጥብሻል።»

ጠዋት ቦሌ ስደርስ የመስኮት ወንበር ለመንኩ። በግራ በኩል። ሰጡኝ።

ስንነሣ ከተማው ገና ጉም ውስጥ ነበር። እንጦጦ በግራዬ ታየኝ። ባሕር ዛፉ ጠቁሮ ተኝቷል። ባሕር ዛፍ! ስንት ዓመት እንደዋዛ ጠርቼዋለሁ። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ዛፍ ስለሆነ እኮ ነው እንዲህ የተባለው። ባሕር ሳናይ ያደግን ሰዎች ባሕር ስንል ነው የምንውለው። ውጭ አገር የሄደ ሰው ባሕር ማዶ ነው ያለው። ባሕር ዳር ሄድን ስንል ያየነው ጣናን ነው። እኔ ራሴ እስከዚያን ቀን ድረስ የማውቀው ትልቁ ውኃ ላንጋኖ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ደጋው አለቀ። ምድሩ ቁልቁል ወረደ፣ አረንጓዴው ወደ ቡኒ ዞረ። ቡኒው መሀል አንድ ቀጭን አረንጓዴ ክር እየተጠማዘዘ ይሄዳል። አዋሽ ነው። ይህን ወንዝ በአውቶቡስ መስኮት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ከላይ ሳየው ግን ሌላ ነገር ታየኝ። የቀበና ውኃ አቃቂ ይገባል፣ የባንተይቀጡም እንደዚሁ። አቃቂ ደግሞ አዋሽ ይገባል። ክረምት ላይ ከፒያሳ ቁልቁል በቸርችል ጎዳና የሚወርደው ጎርፍ፣ ለገሃር ጫማዬን የሚያበሰብሰው ያ ውኃ፣ እዚህ ታች ነው የሚያልፈው ማለት ነው። ከእኔ ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ እየሄደ ነው።

አዋሽ ግን ባሕር አይደርስም። ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አፋር ምድር ላይ፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። የቀረውን ፀሐይ ትጠጣዋለች። ሐይቁ በግራዬ በሩቁ ነጣ ብሎ ታየኝ። ከዚያ እስከ ባሕሩ ለአውሮፕላን አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ እዚህ መቅረቱ ሆዴን አባባው። ለወንዝ የሚታዘን ከሆነ አዘንኩለት።

ባሕሩን ሳይሆን መጀመሪያ ያየሁት መርከቦቹን ነው። ጭጋግ ነበር፤ ሰማዩና ውኃው የት ላይ እንደሚለያዩ አያስታውቅም። መርከቦቹ አየር ላይ የተንጠለጠሉ መሰለኝ። ዓይኔ እስኪለምድ ጊዜ ወሰደ። ከዚያ አንዱ ከኋላው ነጭ መስመር ጥሎ ሲሄድ አየሁና ገባኝ። ውኃ ነው። ይህ ሁሉ ውኃ ነው!

አብራሪው ወደ ባሕረ ሰላጤው ወጣ ብሎ በግራ ዞረ። ክንፉ ዘንበል ሲል ከተማዋ ሙሉ በሙሉ ከታቼ ሆነች። ጋሼን በልቤ አመሰገንኩ።

ትንሽ ናት። ይህን ነው ያላሰብኩት። አሥራ አንድ ዓመት ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረችው ጅቡቲ ግዙፍ ነበረች። ከላይ ሳያት ግን ባሕር ውስጥ የተዘረጋች አንድ እጅ ናት። ድሮ ለየብቻ የነበሩ ደረቅ ጉብታዎችና ደሴቶች ናቸው፤ በመሀላቸው ያለው ተደልድሎ፣ መንገድ ወጥቶለት፣ አንድ ከተማ ሆነዋል። ቤቶቹ ዝቅ ዝቅ ያሉ፣ ነጣ ያሉ ናቸው። ዳር ዳሩን ውኃው እንደ ነጠላ ጥለት ቀለሙን ይቀያይራል፤ ኮረሉ ጋ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ጥቁር። ራቅ ብሎ ሙሻ ደሴት ውኃው ላይ ጠፍጠፍ ብላለች።

መዳፌን መስታወቱ ላይ አደረግኩ። ከተማዋ ከሥሩ ጠፋች። መዳፌን አነሣሁ። ተመልሳ መጣች።

ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር ከባሕር ንግዱ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን በዚች ነው የሚያሳልፈው። ድሮ አሰብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1998ቱ ጦርነት ወዲህ ግን ሸክሙ ሁሉ እዚህ አረፈ። ስንዴው፣ ማዳበሪያው፣ ነዳጁ፣ የሆስፒታል ዕቃው። የእኔም የደብተር ወረቀት። በዚች መዳፍ በምታክል ቦታ።

መርከቦቹን ቆጠርኩ። መልሕቅ ጥለው ተራ የሚጠብቁት 14 ናቸው። አንድ ነገር አስገረመኝ። ሁሉም አፍንጫቸውን ወደ አንድ ወገን አዙረዋል። በኋላ ወደብ ላይ ስጠይቅ እንደነገሩኝ፣ መልሕቅ የጣለ መርከብ ነፋሱ ወደሚመጣበት ነው ፊቱን የሚያዞረው። በዚህ በኅዳር ነፋሱ ከምሥራቅ ነው። በዚያች ሰዓት ግን ምክንያቱን አላውቅም። ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ መልሰው ቅዳሴ የቆሙ ሰዎች መሰሉኝ። እያንዳንዳቸው ሆዳቸው ውስጥ የሆነ ሰው የሚጠብቀውን ዕቃ ይዘዋል። ያ ሰው አሁን መርካቶ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ እንደኔ ላለ ትራንዚተር ስልክ እየደወለ ይሆናል። «የት ደረሰ?» እያለ። እኔም «መልሕቅ ጥሎ ተራ እየጠበቀ ነው» እላለሁ። ሺህ ጊዜ ብየዋለሁ። የምለው ነገር ምን እንደሚመስል ያየሁት ገና ያን ቀን ነው።

በስተምዕራብ የዶራሌ ወደብ ታየ። ክሬኖቹ አንገታቸውን አስግገው ተሰልፈዋል። የነዳጅ ማጠራቀሚያዎቹ ክብና ነጭ ናቸው፤ ፀሐይ ላይ የተዘረጋ አክንባሎ ነው የሚመስሉት። ኮንቴይነሮቹ ቀለማቸው ተደበላልቆ ተደርድረዋል። ከመሀላቸው አንዱ የእኛ ነው። የቱ ነው ብዬ ፈለግኩ፣ ይገኝ ይመስል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ላይ የከባድ መኪናዎች ሰልፍ ነበር። የእኛ ልጆች ናቸው። የገላፊን ድንበር አልፈው፣ አፋርን አቋርጠው፣ ያን ሙቀት ጎማ ሥር ተኝተው የሚያሳልፉ ሹፌሮች።

ልናርፍ ስንል እጄ ላይ ያለው ሃይላንድ ጠቅ አለ። ቦሌ ገዝቼ፣ ጠጥቼ ጨርሼ፣ ክዳኑን አጥብቄ ዘግቼው ነበር። እያየሁት ጎኑ ገባ። ጠቅ፣ እንደገና ጠቅ። የሆነ ሰው በማይታይ እጅ የጨመቀው ይመስላል። አዲስ አበባ ከባሕር በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ስስ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ የዘጋሁት ያን ስስ አየር ነው። ባሕሩ ጋ ስንወርድ የውጪው አየር ከብዶ ጨፈለቀው። ምን ያህል እንደወረድን ከዚያ በላይ የነገረኝ የለም። አንድ ሰዓት ብቻ ነው የበረርነው።

የምድሩን ነገር ላሳጥረው። ጉዳዩን በሁለት ቀን ጨረስኩ። የወደቡ ጸሐፊ አማርኛ የሚችል ጅቡቲያዊ ነበር። ኮንቴይነሩ ድረስ አብሮኝ ሄደ፣ ቁጥሩን በዓይኑ አየ፣ 3 መሆኑን ጻፈ። 19 ቀን ያቆመን ነገር በአንድ ቢክ እስክሪብቶ አለቀ። ሸሚዜ ጋሼ እንዳሉት ሆነ።

የመጨረሻው ቀን ማታ ባሕሩ ዳር ወረድኩ። እጄን ነክሬ ቀመስኩት። ከዚያ ያን የተጨማደደ ሃይላንድ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ክዳኑን ከፈትኩት፤ አየር ስቦ ተቃና። ወደ ነፋሱ ይዤው ትንሽ ቆየሁ። ዘጋሁት።

ቅዳሜ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ፣ ገብስ ቆሎ በትሪ ቀርቦ ነበር። «እህ፣ በይ ንገሪኝ» አሉኝ። መናገር አቃተኝ። ትሪውን ሳብኩና ቆሎውን ወደ ዳር ገፋሁት። የተረፈውን በጣቴ እንደ እጅ አድርጌ ዘረጋሁት፤ ይቺ ከተማዋ ናት አልኳቸው። ከዚያ 14 ፍሬ ለቅሜ ባዶው ቦታ ላይ አንድ በአንድ ደረደርኩ፣ ጫፋቸውን ወደ አንድ ወገን አድርጌ። መነጽራቸውን አጠለቁና ጎንበስ ብለው አዩት። አንዱ ፍሬ ዞሮ ነበር። በጥፍራቸው መልሰው አስተካከሉት።

«ከተማዋ እኮ የአዲስ አበባ እኩያ ናት» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳያነሡ። ልክ ናቸው። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1886፣ ጅቡቲ በ1888 ነው። ሐዲዱ በ1897 ከጅቡቲ ተነሣ፤ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ እዚህ የደረሰው በ1917። «ሃያ ዓመት ሙሉ ወደ እኛ ስትመጣ ነበር» አሉኝ።

ሃይላንዱን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ጠጥሯል። ታች የዘጋሁት አየር እዚህ ላይ ቦታ ጠቦት ጎኑን ወጥሮታል። ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። አገላብጠው አዩት፣ በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። ከዚያ ክዳኑን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው በጣም ቀስ ብለው አዞሩት። ፍስ አለ።

ወዲያው ዘጉት። ተነሡና ቁም ሣጥኑ ላይ፣ ከምድር ባቡር የጡረታ ደብተራቸው አጠገብ አቆሙት።

«ቀሪው ይቆይ» አሉኝ።