አፌን የከፈተልኝ ጌታ ይመስገን

እስኪ እኔም ልመስክር፣ ስፅፈው ራሱ እጄ ይንቀጠቀጣል። ነሐሴ 1999 ነው፣ እንጦጦ ማርያም ፀበል ቤት ተከራይቼ። የኤችአይቪ መድሀኒት ጀምሬ ነበር፣ ግን ማታ ማታ የምውጣት ኢፋቪሬንዝ ቅዠቷ አይጣል ነው፣ ግድግዳው እየተጠጋኝ ያድራል። ሲስተሯ ስትጠይቀኝ ግን "ደህና ነኝ"፤ ጋዋን ሳይ ምላሴ ይታሰራላ። ጎረቤት ደግሞ ኪኒንና ፀበል አብሮ አይሄድም አለችኝ፣ ተውኩት።

ያቺ ሌሊት! ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ትኩሳቱ፣ ላቡ፣ ትንፋሼ ግማሽ መንገድ ላይ እየቀረ፣ ባሳልኩ ቁጥር ትራሴ ውስጥ የደበቅኩት ብልቃጥ ኮሽ ኮሽ ይላል። ልጄ ትዝ አለኝና ተናደድኩ፣ አልዋሽም፣ "አይተኛም አያንቀላፋም የሚሉት አንተን ነው?" አልኩት ጮክ ብዬ። እመቤቴንም ተቆጣኋት፣ ይቅር ትበለኝ። አብረውኝ የሚያድሩት እማሆይ ነቁ። "ምንድነው የሚኮሸኮሸው ልጄ?" እኔ እንጃ ከየት እንደመጣ፣ "አቤቱ ከንፈሮቼን ክፈት" አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ በሽታውን፣ ኪኒኑን፣ ውሸቱን። እማሆይ "አቡነ ጳውሎስ እኮ ሁለቱም የእግዜር ስጦታ ነው፣ አብራችሁ ውሰዱ ብለዋል፣ አልሰማሽም?" ብለው ግንባሬ ላይ ፀበል ረጩብኝና እስኪነጋ ውዳሴ ማርያም ደገሙልኝ። በጭቃው ተሸክማችሁ ታክሲ ድረስ ያወረዳችሁኝ ልጆች፣ ስማችሁን እንኳ አልጠየቅኩም፣ ዕድሜ ይስጣችሁ።

ቲቢ ነበር። ስምንት ወር መድሀኒት፣ አለፈ።

ሲስተሯን እውነቱን ስነግራት ትጮህብኛለች ስል "ከምግብ ጋር ነው የምትውጫት?" ብቻ አለችኝ። ለካ እኔ በቅባት እራት ላይ ነው የምውጣት፣ ያ ደግሞ ቅዠቱን ያባብሰዋል! በባዶ ሆድ ልተኛ ስል መውሰድ ጀመርኩ፣ በሳምንታት ውስጥ ቀለለኝ። አንድ ጥያቄ አጥቼ ነው ልሞት የነበረው። ከዛ ወዲህ ደብተር አለኝ፣ ሲዲፎሬ፣ ማለትም በሽታ የሚከላከለው የደም ሴሌ፣ ስንት ሆነ፣ ቫይረሱ ስንት ደረሰ፣ ዲቲጂ ወደሚሉት ሌላ ኪኒን ሲቀይሩኝ ለምን፣ ሁሉንም ፅፌ ነው የምገባው፣ አንዳንዱ ዶክተር ይሰለቻል፣ ይሰልች። ቫይረሱ በምርመራ አይታይም ካሉኝ ዓመታት ሆኑ፣ ክብር ለስሙ።

ባለፈው ቀጠሮ ላይ አንዲት ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ ቦርሳዋን ስትከፍት ብልቃጧን አየሁት፣ እንዳይኮሸኮሽ ጥጥ ጠቅጥቃበታለች። እንባዬ መጣ። ከደብተሬ አንድ ወረቀት ገንጥዬ ከነእስክሪብቶው ሰጠኋት። "ምን ልፃፍ?" አለችኝ። "ሌሊት ሌሊት የሚያስጨንቅሽን" አልኳት። ስሟ እስኪጠራ ሁለቱን ገፅ ሞልታዋለች።